ውሃው የት ነው የቋጠረው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ፣ በእርዳታ ጥሪዎችና በዜና ዕረፍት ላይ «ሳንባው ውሃ ቋጥሮ»፣ «ልቧ ውሃ ቋጥሮ»፣ «ሆዱ ውሃ ይዞ»፣ «ሕፃኑ ጭንቅላቱ ውሃ ቋጥሮ» የሚሉ አገላለጾች በየጊዜው ይወጣሉ። አንባቢ ሁሉም አንድ በሽታ ይመስሉታል፤ ቦታው ብቻ የሚለያይ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ውሃው ምልክት ነው፤ በሽታውን የሚያመለክተው የተጠራቀመበት ክፍተት ነው። በአንዱ ክፍተት ነፍስ የሚያድን መድኃኒት በሌላው ሊገድል ይችላል። አንዱ በመርፌ ይቀዳል፣ ሌላው በመርፌ ሊነካ አይገባውም። ስለዚህ ጋዜጣችሁ «ውሃ ቋጠረ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የት እንደቋጠረ ቢጽፍ፣ ሐኪም ዘንድ የሚመጡ ብዙ ሰዎችን ይረዳል።

በጤነኛ ሰው ገላ ውስጥ «ክፍተት» ሲባል ባዶ ጉድጓድ ማለት አይደለም። ሁለት ስስ ሽፋኖች ተጠጋግተው አንዱ በአንዱ ላይ የሚንሸራተቱበት ስንጥቅ ነው፤ እንዳይፋተጉ የሚያደርግ ጥቂት ፈሳሽ አለው። በሁለቱ ሳንባዎች ዙሪያ ያለው ተደምሮ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ ከጥቂት የሻይ ማንኪያ አያልፍም። በልብ ሽፋን ውስጥ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይገኛል። አንጀትና ጉበትን ባቀፈው የሆድ ሽፋን ውስጥ ደግሞ ከርጥበት ብዙም የማይዘል ነው። ይህ ፈሳሽ ዘወትር እየመነጨ ዘወትር ይመጠጣል። የሚመነጨው ሲበዛ ወይም መመለሻው ሲዘጋ ይጠራቀማል።

ከሳንባ ልነሳ፤ ትልቁ መደባለቅ ያለው እዚያ ነውና። «ሳንባው ውሃ ቋጠረ» በሚለው አንድ አነጋገር ሁለት የማይገናኙ ሕመሞች ይጠራሉ፤ ሦስተኛም ይቀላቀልባቸዋል።

የመጀመሪያው ውሃው ከሳንባው ውጭ፣ በሳንባ ሽፋንና በደረት ግድግዳ መካከል ሲጠራቀም ነው። ሳንባው ራሱ ርጥብ አይሆንም፤ ከውጭ ተጭኖት ይኮማተራል። በሽተኛው ሲንቀሳቀስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ ውሃ ባለበት ጎን መተኛት ይቀለዋል። ቆሞ በተነሳ ራጅ የጎኑ ጥግ ደብዝዞ ለመታየት 200 ሚሊ ሊትር ያህል መጠራቀም አለበት፤ አልትራሳውንድ ከዚያ በጣም ያነሰውን ያያል። ሁለቱም በሌሉበት ጤና ጣቢያ ሁለት ጣት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1761 የቪየናው ሐኪም ሌኦፖልድ አውንብሩገር ያስተዋወቀው ደረትን እየመቱ ድምፁን የማዳመጥ ዘዴ ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራል፦ የግራ እጅን መሐል ጣት በበሽተኛው ጀርባ ላይ አጥብቆ አስደግፎ በቀኙ ጣት መምታት። አየር ያለበት ሳንባ ያስተጋባል፤ ውሃ ያለበት ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ በማዳመጫ ሲሰማም የትንፋሹ ድምፅ ይጠፋል።

ውሃው ከተገኘ ቀድቶ መመርመር ግድ ነው። በሽተኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወደፊት ጎንበስ ይልና ክንዶቹን ትራስ በተደረገበት ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋል። መርፌው የሚገባው ድፍኑ ድምፅ ከጀመረበት አንድ ወይም ሁለት ጎድን ዝቅ ብሎ ነው፤ ከ9ኛው ጎድን በታች ግን አይወረድም፤ በቀኝ ጉበት፣ በግራ ጣፊያ አለ። ደም ሥሩና ነርቩ በእያንዳንዱ ጎድን የታችኛው ጠርዝ ሥር ተሸሽገው ስለሚሄዱ፣ መርፌው ሁልጊዜ የታችኛውን ጎድን የላይኛውን ጠርዝ ታክኮ ይገባል። ለምርመራ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ለማቅለል ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር በላይ አይቀዳም። ለረጅም ጊዜ ተጨምቆ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲነፋ ራሱ ውሃ ሊያመነጭ ስለሚችል ነው። በሽተኛው አጥብቆ መሳል ከጀመረ ወይም ደረቱን ከጨመደደው፣ ገና ግማሽ ሊትር ቢሆንም ይቆማል።

የተቀዳው ውሃ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ ከደም ናሙና ጋር መሄድ አለበት። የውሃው ፕሮቲን ለደሙ ፕሮቲን ሲካፈል ከ0.5 ከበለጠ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ራሱ መቆጣቱ ነው፤ ቲቢ፣ የሳንባ ምች ወይም ካንሰር። ካነሰ ደግሞ ልብን፣ ጉበትንና ኩላሊትን መመርመር ይቀድማል። በደሙ ናሙና ቸልተኝነት ምክንያት ይህ ስሌት ሳይሠራ ሲቀር በሽተኛው እንደገና ይወጋል፤ ይህ ሊቀር የሚችል ሥቃይ ነው።

በአገራችን ከሳንባ ሽፋን ውሃ ምክንያቶች ዋነኛው ቲቢ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ በዚህ ውሃ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ በማይክሮስኮፕም ሆነ የባክቴሪያውን ዘረመል በሚፈልገው ጂንኤክስፐርት መሣሪያ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ «ውሃው ተመርምሮ ቲቢ የለም ተባለ» ማለት ቲቢ አይደለም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሳንባው ራሱ ካልተነካ በስተቀር ይህ ዓይነቱ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው እምብዛም አይተላለፍም። የ6 ወሩ መድኃኒት በአግባቡ ከተወሰደ ውሃው ራሱ ይደርቃል፤ ደጋግሞ መቅዳት አያስፈልግም።

ውሃው መግል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መግል በመርፌ አያልቅም፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ብቻውንም አያጠፋውም። ቱቦ መግባት አለበት፤ ያውም ቶሎ። ከቆየ መግሉ ወደ ወፍራም ልጥ ተለውጦ ሳንባውን አስሮ ይይዘዋል፤ ያኔ ልጡን ለመግፈፍ ደረት መክፈት ይመጣል። ቱቦው በጠርሙስ ውስጥ ካለ ውሃ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ይቀመጣል። ውሃው አየር ወደ ደረት እንዳይመለስ የሚከለክል መዝጊያ ነው። አስታማሚዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ ጉዳት ይቀራል፦ ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከደረት በታች ይሁን፤ በሽተኛው ሽንት ቤት ሲሄድ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ሰው ቆሻሻውን ውሃ መልሶ ወደ ደረቱ ይልከዋል። በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በሽተኛው ሲተነፍስ ከፍና ዝቅ ማለት አለበት፤ ሳይንቀሳቀስ ከቀረ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ሳንባው ሞልቶ ተነፍቷል ማለት ነውና ለነርስ ይነገር። አረፋ እያወጣ ያለ ቱቦ አይታሰርም፤ መውጫ ያጣው አየር ልብን ገፍቶ ይገድላል። ጠርሙሱ ከተሰበረ የቱቦውን ጫፍ ወዲያው የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ነክሮ መጣራት ነው።

ሁለተኛው «የሳንባ ውሃ» በሳንባው ውስጥ፣ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጥ ያለው ነው። ይህን ማንም በመርፌ ሊቀዳው አይችልም። በሽተኛው መተኛት አይችልም፤ ሌሊት አፍኖት ይነሳል፣ ሮዝ ቀለም ያለው አረፋማ አክታ ይተፋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የግራ ልብ ነው። በእኛ አገር ወጣቶች ላይ ይህን የሚያመጣው በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በርን ያጠበበው የሩማቲክ በሽታ ነው። በጤና ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የግራ ልብ መግቢያ በር ከ1.5 በታች ሲጠብ፣ ደሙ ወደ ሳንባ ተመልሶ ይቆማል። እርጉዝ ሴት ላይ የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር፣ እስከዚያ ምንም ያልተሰማት ልጅ በ7ኛው ወር ወይም ልክ ከወለደች በኋላ ድንገት ትታፈናለች። ሕክምናው ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ኦክስጅንና በደም ሥር የሚሰጥ ላሲክስ የተባለ የሚያሸና መድኃኒት ነው። ከዚያ በኋላ የልብ አልትራሳውንድ፣ ለብዙ ዓመታትም የጉሮሮ ሕመሙ እንዳይመለስ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ።

ሦስተኛው ፈጽሞ ውሃ አይደለም፤ ቲቢ በሳንባው ሥጋ ውስጥ የቦረቦረው ዋሻ ነው። በራጅ ወረቀት ላይ «ካቪቲ» ተብሎ ይጻፋል፤ የተቦረቦረ ጥርስም በዚያው ቃል ስለሚጠራ ወረቀቱን ያነበበ ቤተሰብ ይደናገራል። አብዛኛውን ጊዜ በሳንባው የላይኛው ክፍል የሚገኝ ሲሆን፣ የሞተው ሥጋ እንደ አይብ ሆኖ ኋላም ቀልጦ በመተንፈሻ ቧንቧ በኩል በአክታ ሲወጣ በቦታው የሚቀረው ጉድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ሮበርት ኮህ ያገኘው ባክቴሪያ አየር ይወዳል፤ በአንድ ዋሻ ውስጥ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሆኖ ይራባል። በሽፋን ላይ ባለው ቲቢና በዚህኛው መካከል ያለው ልዩነት ለቤተሰብ የሕይወት ጉዳይ ነው፦ ዋሻ ያለው ሰው ሲስል ባክቴሪያውን በቀጥታ ወደ ቤቱ አየር ይረጫል። መስኮት መክፈት፣ አፍ መሸፈን፣ ሕፃናትን ማስመርመር ለእሱ ነው። ትንንሽ ልጆች ዋሻ እምብዛም ስለማያወጡ በአክታቸው ላይ ቲቢ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከተዳነ በኋላም ባዶው ዋሻ በራጅ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ይህን ብቻ አይቶ ቲቢው ተመለሰ ብሎ መድኃኒት ማስጀመር ስህተት ነው፤ አክታው ይመርመር። በዚያ ባዶ ዋሻ ውስጥ ፈንገስ ተጠቅልሎ ሊያድግና ከዓመታት በኋላ ደም ሊያስተፋ እንደሚችል ግን የዳነ ሰው ማወቅ አለበት።

ወደ ልብ ስንመጣ «ልቧ ውሃ ቋጠረ» ሲባል ግማሹ ሰው የልብ ድካም ማለቱ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ልብን በከበበው ሽፋን ውስጥ ያለ ውሃ ማለቱ ነው። ይህ መደባለቅ ሰው ይገድላል። በድካም ጊዜ ላሲክስ ያቀላል። ሽፋኑ ሞልቶ ልቡን ሲያንቀው ግን ልቡ የሚሞላው በደም ሥር ባለው ግፊት ብቻ ነውና፣ ላሲክስ ያንን ግፊት ሲያወርደው በሽተኛው ይወድቃል። እዚህ ላይ ከመጠኑ ይልቅ ፍጥነቱ ነው ወሳኙ። በድንገት የገባ 200 ሚሊ ሊትር ደም ልብን ሊያቆም ይችላል፤ በወራት ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ውሃ ግን ሽፋኑ እየሰፋለት ከ1 ሊትር ሊያልፍ ይችላል። የአንገት ደም ሥር ከተገተረ፣ የደም ግፊት ከወረደና የልብ ድምፅ ከራቀ፣ ላሲክስ ከመስጠት በፊት አልትራሳውንድ ይታይ።

ሆድ ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ በተመለከተ የሚጎዳን ፍርሃት ነው። «ውሃው አንዴ ከተቀዳ ይለምዳል»፣ «የተቀዳለት ሰው አይሰነብትም» ይባላል። ውሃው የሚመለሰው ያመጣው በሽታ ስላልታከመ ነው። ሰው ደግሞ ሁሉን ሞክሮ በመጨረሻው ሰዓት ስለሚመጣ ሞቱ በመርፌው ይሳበባል። በመጀመሪያው ሳምንት የተቀዳ 30 ሚሊ ሊትር ብዙ ይናገራል። አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን በደሙም በውሃውም ለክቶ፣ ከደሙ ላይ የውሃውን መቀነስ ነው፦ ደሙ 2.8፣ ውሃው 0.9 ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ልዩነቱ 1.9 ነው። 1.1 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ምክንያቱ ወደ ጉበት የሚገባው ደም ግፊት መጨመር ነው፤ በሄፓታይተስ ቢ የጠጠረ ጉበት፣ በቢልሃርዚያ የተዘጋ ደም ሥር ወይም የደከመ ልብ። ካነሰ የሆድ ሽፋን ቲቢ ወይም ካንሰር ይጠረጠራል፤ እነዚህ ላይ የሚያሸና መድኃኒት ለወራት መስጠት ጊዜ ማባከን ነው።

ሲቀዳ መርፌው በሆዱ ግራ በታች፣ ከዳሌ አጥንቱ ጫፍ ሁለት ጣት ከፍ፣ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ይገባል። ከመግባቱ በፊት ቆዳው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጎተታል፤ ሲለቀቅ የቆዳውና የሥጋው ቀዳዳ ስለማይገጥሙ ውሃው ልብሱ ላይ አይንጠባጠብም። በጉበት ሕመም ከ5 ሊትር በላይ ሲቀዳ በእያንዳንዱ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም አልቡሚን ካልተተካ ኩላሊት ይጎዳል። አልቡሚን በሌለበት ሆስፒታል ጥቂት ጥቂት እየቀዱ መመላለስ ይሻላል። ይህ በሽተኛ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም መዘባረቅ ካመጣ በዚያው ዕለት ውሃው ይመርመር፤ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር 250 ወይም ከዚያ በላይ ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል) ከተገኘ ውሃው ተመርዟልና፣ የባክቴሪያው ዓይነት ምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይጀመራል። ለወገብና ለጉልበት ብለው ከመድኃኒት ቤት የሚገዟቸው ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ደግሞ ለዚህ ሰው ኩላሊት መርዝ ናቸው።

ጨው ላይ ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ፤ «ጨው ቀንስ» ብለን ብቻ የምንሸኘው በሽተኛ አይቀንስም። በቀን የሚፈቀደው ከ5 ግራም አይበልጥም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፣ ያውም በምግቡ ሁሉ ያለው ተደምሮ። በየቤታችን ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ከዚያ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ስለዚህ የበሽተኛው በርበሬና ሽሮ ጨው ሳይነካው ለብቻው ይፈጭ። እንጀራው ራሱ ችግር የለበትም፤ ዳቦ ግን ጨው አለው። እግሩ ያላበጠ በሽተኛ በቀን ግማሽ ኪሎ ከቀነሰ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያሸና መድኃኒቱ በዝቷልና ይስተካከል።

የጭንቅላቱ ክፍተት ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ ውሃው እዚያ መኖር ያለበት ነው። አንጎል አራት ውስጣዊ ክፍሎች አሉት፤ በአዋቂ ሰው ውስጥ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይመነጫል፣ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ ትርፉ ወደ ደም ይመለሳል። በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል መካከል ያለው ቀጭን መስመር ሲዘጋ፣ ወይም ማጅራት ገትር መመለሻውን ሲያጣብቀው፣ ክፍሎቹ ይነፋሉ። የሕፃኑ ቅል ገና ስላልተጋጠመ ራሱ ይሰፋል። ይህን በሜትር መለየት ይቻላል፦ ከቅንድብ ከፍ ብሎ በግንባሩ፣ ከኋላ ደግሞ በጣም በወጣው ቦታ ላይ አዙሮ መለካት። ሲወለድ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2፣ እስከ 6ኛው ወር በወር 1፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ በወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ከዚህ ከፈጠነ፣ እርግብግቢቱ ሳያለቅስ ከተወጠረ፣ የዓይኑ ጥቁር ወደ ታች ከሰመጠ፣ ክትባት ቀኑን ሳይጠብቁ ይዞ መሄድ ነው። እያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት የአንጎሉን ሥጋ ያሳሳዋል።

ሕክምናው ወይ በሦስተኛው ክፍል ወለል ላይ በኢንዶስኮፕ መውጫ መክፈት ነው፣ ወይም ሸንት የሚባለውን ቱቦ ከቆዳ ሥር ከጆሮ ኋላ በአንገትና በደረት አውርዶ ወደ ሆድ ማስገባት። የሆድ ሽፋን ውሃውን መጥጦ ወደ ደም ይመልሰዋል። ሸንት ያለው ልጅ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ራስ ምታት ካለው ወይም ካተኮሰ ወባ ወይም ጉንፋን ነው ተብሎ እቤት መቆየት የለበትም፤ ቱቦው ተደፍኖ ወይም ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ከጀርባ ክፍተት ጋር (የአከርካሪው አጥንት ሳይገጥም ሲወለድ) የሚመጣውን ዓይነት በብዛት መከላከል የሚችለው ፎሊክ አሲድ ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቧንቧ የሚዘጋው ፅንሱ በ28 ቀኑ፣ እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነውና፣ 400 ማይክሮ ግራሙ ከእርግዝናው ቢያንስ አንድ ወር በፊት መጀመር አለበት። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት አሥር እጥፉን፣ 4 ሚሊ ግራም፣ በሐኪም ትዕዛዝ ትወስዳለች።

የእርዳታ ጥሪ ይዞላችሁ ለሚመጣ ቤተሰብ ከማተማችሁ በፊት የሐኪሙን ወረቀት ጠይቁ። ውሃው የትኛው ሽፋን ውስጥ እንዳለ፣ በየትኛው ጎን፣ ተቀድቶ መመርመሩንና ውጤቱን፣ ለሕፃን ከሆነ የራሱን ዙሪያ ከተለካበት ቀን ጋር። ይህ ተጽፎ ሲወጣ የሚያነበው ሐኪም ወደ ውጭ አገር መሄድ ሳያስፈልግ እዚሁ የሚቻለውን ለይቶ ሊደውልላችሁ ይችላል። በጤና ዓምዱም እነዚህን አራት ክፍተቶች የሚያሳይ አንድ ሥዕል ብታወጡ፣ ጽሑፉን በነፃ ለማረም ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የውስጥ ደዌ ሐኪም
አዲስ አበባ